አንዱ ሲገናኝ የቀሩት ሰባቱ፦ ለብዙ ቻናል ሰርኪዩት ቦርድ አናሎግ መልቲፕሌክሰር ስለ መምረጥ

(ይህ ጽሑፍ አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ አዳራሽ ለወጣት የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያዎችና ተማሪዎች ካደረግሁት ንግግር ተስተካክሎ የቀረበ ነው።)

ክቡራትና ክቡራን፣ ውድ የሙያ ባልደረቦቼ፤

ከአምስት ኪሎ ቁልቁል በእግራችሁ የመጣችሁም፣ ከመርካቶና ከሜክሲኮ በታክሲ ተሳፍራችሁ በዚህ ዝናብ የደረሳችሁም፣ ስለ አንዲት ባለ 16 እግር ቺፕ ለመስማት ምሽታችሁን በመስጠታችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። አናሎግ መልቲፕሌክሰር፣ ማለትም ብዙ ምልክቶችን በየተራ ወደ አንድ መስመር የሚያሳልፍ ቺፕ፣ በቦርዳችን ላይ ካሉት ዕቃዎች ሁሉ ርካሹና ትንሹ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የሴንሰሮቻችን ምልክት በሙሉ በእርሱ በኩል ስለሚያልፍ፣ እርሱ የዋሸውን ከእርሱ በኋላ የሚመጣ ማንኛውም ውድ ዕቃ እውነት ሊያደርገው አይችልም።

ለንግግሬ ምሳሌ የማደርገው እኛው ራሳችን የሠራነውን ቦርድ ነው። ሥራው የአንድን የኤሌክትሪክ ምጣድ ሙቀት በ16 ነጥቦች ላይ መለካት ነበር። እንጀራ ሲጋገር አጠገቡ ቆሞ ያየ ሰው እንደሚያውቀው፣ ምጣዱ በአንድ ወገን ቀዝቀዝ ካለ በዚያ በኩል የእንጀራው ዓይን በደንብ አይወጣም፣ በሌላው ወገን ሙቀቱ ከበዛ ደግሞ እንጀራው ይደርቃል። የሚግለው ሽቦ ከሸክላው ሥር በተቦረቦረ መስመር ውስጥ ተዘርግቶ የተደፈነ ስለሆነ፣ የትኛው ቦታ ምን ያህል እንደሚግል ከላይ ሆኖ በዓይን ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ 16 ኬ ዓይነት ቴርሞካፕሎችን (በሙቀት ልክ ጥቂት ቮልቴጅ የሚሰጡ የሙቀት ሴንሰሮችን) ከሸክላው ሥር አስገብተን፣ ሁሉንም በየተራ ወደ አንድ ከአናሎግ ወደ ዲጂታል መቀየሪያ የሚያደርስ ቦርድ ሠራን። ያንን የየተራ ሥራ የሚሠራው መልቲፕሌክሰሩ ነው።

ኬ ዓይነት ቴርሞካፕል ለአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚሰጠው 41 ማይክሮቮልት ገደማ ብቻ ነው፤ በ200 ዲግሪ እንኳ የሚደርሰው 8.1 ሚሊቮልት አካባቢ ነው። ይህን ቁጥር በአእምሯችሁ ያዙት፤ እስከ ንግግሬ መጨረሻ ድረስ ደጋግሜ እመለስበታለሁና።

ወደ ፍሬ ነገሩ ከመግባቴ በፊት አንድ የቃል ጉዳይ ላጥራ። በአማርኛ ሬዲዮ ስንከፍት ድምፅ ይመጣል፣ ቧንቧ ስንከፍት ውሃ ይወርዳል፣ ስንዘጋው ይቆማል። በሰርኪዩት ትምህርት ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ የተዘጋ ማብሪያ የሚባለው ከረንት የሚያሳልፈው፣ የተከፈተ የሚባለውም የማያሳልፈው ነው። ይህ አጠራር በማስተማር ላይ ያሉ ባልደረቦቼን ምን ያህል እንደሚያደክማቸው አውቃለሁ። ስለዚህ ዛሬ የሚያሳልፈውን «የተገናኘ»፣ የማያሳልፈውን ደግሞ «የተላቀቀ» እያልኩ እቀጥላለሁ።

በመልቲፕሌክሰር ውስጥ ያሉት ማብሪያዎች ብረት ከብረት የሚነካኩባቸው አይደሉም። እያንዳንዱ ማብሪያ ጎን ለጎን የተያያዙ ሁለት ትራንዚስተሮች ነው፤ አንዱ ኤን፣ ሌላው ፒ ዓይነት ሲሆን፣ አንዱ በዝቅተኛ ቮልቴጅ ሌላው በከፍተኛ ቮልቴጅ የተሻለ እያሳለፉ እርስ በርስ ይደጋገፋሉ። ሁለቱን ዓይነት ትራንዚስተሮች አጣምሮ የሚሠራውን ሲሞስ የተባለ ስልት ፍራንክ ዋንላስ ፌርቻይልድ በተባለው ኩባንያ ሲሠራ እ.ኤ.አ. በ1963 ያቀረበው ሲሆን፣ አርሲኤ የተባለው ኩባንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1968 ባለ 4000 ቁጥር ቺፖቹን ለገበያ ማውጣት ጀመረ። ዛሬም በየመሣቢያችን የማይጠፋው ባለ 8 ቻናል መልቲፕሌክሰር፣ ሲዲ4051፣ የዚያ ቤተሰብ አባል ነው። ማብሪያው ትራንዚስተር መሆኑን ከተቀበልን ደግሞ፣ ሲገናኝ ዜሮ ኦም እንደማይሆን፣ ሲላቀቅም ፈጽሞ የማያሳልፍ እንደማይሆን፣ ከአንዱ ሁኔታ ወደ ሌላው ሲሻገርም የራሱን አሻራ ሳይተው እንደማያልፍ መቀበል ይኖርብናል።

አብዛኞቻችን ቺፕ ስንመርጥ በመጀመሪያ የምናየው የቻናሉን ቁጥር፣ ማለትም ስንት ምልክት እንደሚያፈራርቅ፣ ቀጥሎም ቻናሉ ሲገናኝ ስንት ኦም እንደሚሆን ነው። እኛም ለመጀመሪያው ቦርድ 2 ሲዲ4051 የመረጥነው በእጃችን ስለነበሩና 8 እና 8 ሲደመር 16 ስለሚሆን ነበር። ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ከዚያ ቦርድ የተማርኩትን ነው፤ ባለ 8 ቻናል መልቲፕሌክሰር ስንመርጥ ይበልጥ መመርመር ያለብን የተገናኘውን አንዱን ሳይሆን፣ በዚያው ቅጽበት ተላቅቀው የቀሩትን ሰባቱን ነው።

በቅድሚያ ስለ አንዱ በአጭሩ ልናገር። በቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ዳታሺት (የአምራቹ የቺፕ መረጃ ሰነድ) መሠረት ሲዲ4051ቢ በ15 ቮልት ሲሠራ የተገናኘው ቻናል በተለመደው 125 ኦም፣ በ5 ቮልት ደግሞ 470 ኦም ሲሆን፣ በ5 ቮልት፣ በ25 ዲግሪ ሙቀት እስከ 1050 ኦም ሊደርስ እንደሚችል አምራቹ ራሱ ይነግረናል። ይህ ቁጥር ያስደነግጣል፤ ነገር ግን የሚጎዳው በእርሱ ውስጥ ከረንት ሲያልፍ ብቻ ነው። ከመልቲፕሌክሰሩ በኋላ ያለው ማጉያ የሚስበው 1 ናኖ አምፒር ከሆነ፣ 1050 ኦም የሚፈጥረው ስሕተት 1 ማይክሮቮልት ገደማ ነው፤ ይህም ለቴርሞካፕላችን የአንድ ዲግሪ አንድ አርባኛ ገደማ ነው። በተቃራኒው ከመልቲፕሌክሰሩ በኋላ ያለው ጭነት 10 ኪሎ ኦም ቢሆን፣ ያው 1050 ኦም ከምልክቱ ላይ ወደ 10 በመቶ ይቆርጥብናል።

በሁለት ሽቦ የሚለካ ፒቲ100 (ሬዚስታንሱ ከሙቀት ጋር የሚለወጥ ሴንሰር) ላይ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ይህ ሴንሰር በአንድ ዲግሪ የሚለወጠው በ0.385 ኦም ስለሆነ፣ 2.5 ኦም ብቻ ያለው እጅግ ጥሩ ዘመናዊ ማብሪያ እንኳ የ6.5 ዲግሪ ስሕተት ይጨምርበታል። መፍትሔው ግን የተሻለ ቺፕ ፍለጋ አይደለም። ከረንቱን በአንድ ማብሪያ ልኮ ቮልቴጁን በሌላ ማብሪያ ማንበብ፣ ማለትም በአራት ሽቦ መለካት ነው፤ ያኔ የማብሪያው ኦም ከስሌቱ ይወጣል። ስለ አንዱ የምለው ይህን ያህል ነው።

አሁን ወደ ሰባቱ ልምጣ። የተላቀቀ ማብሪያ ጥቂት ከረንት ያሾልካል። የሰባቱ የሾለከ ከረንት የሚጠራቀመው ሁሉም ቻናሎች በሚገናኙበት በጋራው የመውጫ መስመር ላይ ሲሆን፣ ከዚያ የሚወጣበት መንገድ የተገናኘው ቻናል ብቻ ስለሆነ በእርሱ ሴንሰር ሬዚስታንስ ውስጥ አልፎ ይሄዳል፤ ያልነበረ ቮልቴጅም ይፈጥራል። ለሲዲ4051ቢ የዳታሺቱ የመጀመሪያ ገጽ የሚያውጀው የሾለከ ከረንት 100 ፒኮ አምፒር ነው፤ ይህ የተለመደው ነው። ወደ ውስጥ ገብታችሁ ሰንጠረዡን ስታነቡ ግን ከፍተኛው በ25 ዲግሪ 100 ናኖ አምፒር፣ በ85 ዲግሪ 1000 ናኖ አምፒር ተብሎ ታገኙታላችሁ። በመጀመሪያው ገጽና በሰንጠረዡ መካከል ያለው ልዩነት 1000 እጥፍ ነው።

የሰንጠረዡን የግርጌ ማስታወሻ ሳናነብ ግን አምራቹን አንውቀስ። 100 ናኖ አምፒር የተባለው፣ ፈጣኑ የፋብሪካ መፈተሻ ማሽን በተጨባጭ ሊለካው የሚችለው ዝቅተኛ መጠን እርሱ ስለሆነ ነው፤ ቺፑ በእውነቱ ያን ያህል ያሾልካል ማለት አይደለም። ታዲያ በየትኛው ቁጥር እንመን? የእኔ አቋም ግልጽ ነው፤ አንድ ቦርድ ለራሳችን ጠረጴዛ የምንሠራ ከሆነ ቺፑን ለክተን በለካነው መሥራት እንችላለን፤ 100 ቦርድ ሠርተን ለሰው የምንሸጥ ከሆነ ግን ሊታመን የሚገባው በከፍተኛው ዓምድ፣ ያውም በሙቀቱ ረድፍ ላይ የተጻፈው ቁጥር ብቻ ነው። የእኛ ቦርድ ከምጣዱ ሥር ባለ ሣጥን ውስጥ የሚቀመጥ ስለሆነ፣ የ25 ዲግሪው ረድፍ ለእኛ የተጻፈ አልነበረም። የሚሾልክ ከረንት በየ10 ዲግሪው በግምት እጥፍ ስለሚሆን፣ ከ25 ወደ 65 ዲግሪ ሲደረስ 16 ጊዜ ይባዛል።

ቁጥሩን ወደ ሙቀት ብንመልሰው ትርጉሙ ይበልጥ ይገባናል። በእያንዳንዱ ቴርሞካፕል መስመር ላይ ለማጣሪያ የ1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ቢኖር፣ 100 ናኖ አምፒር የሚፈጥረው 100 ማይክሮቮልት ነው፤ ያ ማለት 2.4 ዲግሪ ነው። 1000 ናኖ አምፒር ከሆነ 24 ዲግሪ ይሆናል። 24 ዲግሪ የሚያሳስት መለኪያ ይዞ የምጣድ ሙቀት እኩል ነው፣ አይደለም ብሎ መከራከር አይቻልም።

የተላቀቁት ቻናሎች ሁለተኛው ተጽዕኖ ትዝታ ነው፤ ይህን ቃል የመረጥኩት ሌላ የሚመጥነው ስላላገኘሁ ነው። ያን ቀን ምጣዱ ግሎ፣ አክንባሎው ተከድኖ፣ የመጀመሪያው እንጀራ እንፋሎቱ በጠርዙ እየወጣ ነበር። የ5ኛው ቴርሞካፕል ሽቦ ከማያያዣው ተነቅሎ በጠረጴዛው ላይ እንደተቀመጠ በዓይኔ አያለሁ። በላፕቶፑ ላይ ግን 4ኛው ቻናል 188፣ 5ኛው 187 ዲግሪ ይላል። ሽቦውን በእጄ ይዤዋለሁ፤ ቀዝቃዛ ነው፤ ከምንም ጋር አልተያያዘም። የምትጋግረው እናት ሊጡን እያሰፋች የነገሩን ግራ መጋባት ከፊታችን አንብባ፣ ምጣዱ ተበላሸ ወይ ብላ ጠየቀች። ምጣዱ ምንም አልሆነም ነበር።

የሆነው ይህ ነው። በጋራው መስመር ላይ ድምፅ (ያልተፈለገ የምልክት ረብሻ) ለመቀነስ ብለን 10 ናኖ ፋራድ ካፓሲተር አስቀምጠን ነበር። 4ኛው ቻናል ሲነበብ ያ ካፓሲተር በ4ኛው ቮልቴጅ ይሞላል፤ መልቲፕሌክሰሩ ወደ 5ኛው ሲዞር በዚያ በኩል የሚቀይረው ምንጭ ስለሌለ፣ ካፓሲተሩ የያዘውን የ4ኛውን ቮልቴጅ መልሶ ያስነብበናል። ይህ ስሕተት ከሁሉም ይልቅ አደገኛ የሚሆነው ትክክለኛ መስሎ ስለሚታይ ነው። 500 ዲግሪ ቢል ወዲያው እንጠረጥር ነበር፤ 187 ግን ማንም የሚቀበለው ቁጥር ነው።

ለዚህ ያደረግነው ሦስት ነገር ነው። ካፓሲተሩን ከጋራው መስመር አንስተን ከመልቲፕሌክሰሩ በፊት፣ በየቻናሉ ላይ አደረግነው፤ የቻናሉ 100 ናኖ ፋራድ እንደ ጋን፣ በጋራው መስመር ላይ የሚቀረው 50 ፒኮ ፋራድ ገደማ ደግሞ እንደ ሲኒ ነው፤ ከጋን በሲኒ ቢቀዳ የጋኑ ውሃ ዝቅ ማለቱ አይታወቅም። በስሌት፣ በሁለት ቻናሎች መካከል 8 ሚሊቮልት ልዩነት ቢኖር እንኳ የሚጎድለው 4 ማይክሮቮልት፣ ማለትም የዲግሪ አንድ አሥረኛ ነው። ቀጥሎ በእያንዳንዱ ቻናል ላይ ሽቦው ሲነቀል ቮልቴጁን ወደ አንድ ጠርዝ የሚጎትት በሜጋ ኦም የሚቆጠር ሬዚስተር ጨመርን፤ የተነቀለ ሴንሰር አሁን ተነቅያለሁ ብሎ ይናገራል። በመጨረሻም ቦርዱ ራሱን እንዲፈትሽ፣ በሁለተኛው ቦርድ ላይ ከ16ቱ ቻናሎች አንዱን ከመሬት ጋር፣ አንዱን ከታወቀ ቮልቴጅ ጋር በቋሚነት አያያዝን፤ ለሴንሰር 14 ቀሩ። ቻናል ሲበዛ ሁሉንም በሴንሰር መሙላት ያጓጓል፤ እኔ ግን ሁለቱን ለቦርዱ ለራሱ መተው ከማንኛውም ተጨማሪ ሴንሰር ይልቅ እንደሚጠቅም አምናለሁ።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ነጥብ ልጨምር። ማብሪያው ሲቀየር ከትራንዚስተሩ መቆጣጠሪያ በኩል ጥቂት ቻርጅ ወደ ምልክቱ መስመር ይገፋል። 10 ፒኮ ኩሎምብ ወደ 100 ፒኮ ፋራድ ቢገባ 100 ሚሊቮልት ይሆናል፤ በእኛ 100 ናኖ ፋራድ ላይ ቢያርፍ ግን 100 ማይክሮቮልት ነው፤ ይህም ቢሆን ከ2 ዲግሪ በላይ ስለሆነ በሬዚስተሩ በኩል እስኪወጣ መጠበቅ ያስፈልጋል። በዚህ ረገድ ኤምዩኤክስ36 የተባለው የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ቤተሰብ 0.3 ፒኮ ኩሎምብ ገደማ ብቻ ስለሚገፋ ግሩም ነው፤ ከ10 እስከ 36 ቮልት የሚፈልግ ስለሆነ ግን 5 ቮልት ብቻ ላለው ቦርድ አይመችም።

ሦስተኛውና ብዙ ሌሊት ያሳጣኝ ጉዳይ ከተላቀቁት አንዱ ሲታመም ሌሎቹን ሁሉ ማሳመሙ ነው። በመጀመሪያው ቦርድ ላይ ምጣዱ ኮረንቲ ሲያገኝ ሁሉም ቻናሎች በአንድነት ይዛነፉ፣ ሲጠፋ ደግሞ ይስተካከሉ ነበር። መጀመሪያ ከአየር የሚመጣ ድምፅ ነው ብለን ሽቦዎቹን ጠመዘዝን፣ ሸፈንን፣ ምንም አልተለወጠም። በመጨረሻ ቴርሞካፕሎቹን አንድ በአንድ እየነቀልን ስንሄድ፣ 11ኛው ሲነቀል የቀሩት ሁሉ በአንዴ ጤነኛ ሆኑ። የ11ኛው ሽፋን ተሰንጥቆ፣ እርጥበት ካገኘው ትኩስ ሸክላ በኩል የምጣዱን የ50 ኸርዝ የመብራት ቮልቴጅ እየወሰደ ነበር።

ያን ጊዜ እኛ የምናነበው 11ኛውን አልነበረም። ታዲያ የተላቀቀ ቻናል እንዴት ሌላውን ያዛባል? የሲሞስ ማብሪያ ተላቅቆ የሚቆየው በእግሩ ላይ ያለው ቮልቴጅ በቺፑ ኃይል ምንጭ ሁለት ጠርዞች መካከል እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ከጠርዙ ከግማሽ ቮልት በላይ ሲያልፍ በቺፑ ውስጥ ያሉት ዳዮዶች ማሳለፍ ይጀምራሉ፤ የገባው ከረንት በቺፑ ገላ ውስጥ ተሰራጭቶ ከፊሉ በጋራው መስመር ላይ ይወጣል። ይህን ችግር ለመቀነስ ተብሎ የተሠራ 74ኤችሲ4851 የሚባል ቺፕ አለ፤ የእግሮቹ አቀማመጥ ከ4051 ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ ቦርዱ ሳይቀየር በቦታው ሊተካ ይችላል። ከዚያ ለባሰ አደጋ ደግሞ የአናሎግ ዲቫይስስ ኤዲጂ5208ኤፍ ከ55 ቮልት ቀናስ እስከ 55 ቮልት ደማር ድረስ፣ ኃይል ቢኖረውም ባይኖረውም ይቋቋማል።

በእጃችን ያለው ርካሹ መከላከያ በየቻናሉ ላይ በተከታታይ የሚገባ ሬዚስተር ነው። 10 ኪሎ ኦም ብናስገባ፣ 12 ቮልት በስሕተት ወደ ባለ 5 ቮልት ቺፕ ቢመጣ የሚገባው ከ0.7 ሚሊ አምፒር አይበልጥም፤ ቺፑ ይተርፋል። ነገር ግን ቀደም ብዬ ያነሳሁትን አስታውሱ፤ የሚሾልከው ከረንት የሚባዛው በዚሁ ሬዚስተር ነው። 100 ናኖ አምፒር በ10 ኪሎ ኦም ላይ 1 ሚሊቮልት ነው፤ ለእኛ 24 ዲግሪ። ስለዚህ ቺፑ በጣም ጥቂት የሚያሾልክ ካልሆነ ትልቅ መከላከያ ሬዚስተር ማስገባት አንችልም፤ ትልቅ ሬዚስተር ካላስገባን ደግሞ ቺፑን መከላከል አንችልም። ጥቂት ለሚያሾልክ ቺፕ ተጨማሪ ገንዘብ የምንከፍለው ለትክክለኛነት ብቻ ሳይሆን ለጥበቃም ነው የምለው ከዚህ የተነሳ ነው። 1 ናኖ አምፒር የሚያሾልክ ቺፕ በዚያው 10 ኪሎ ኦም ላይ የሚያሳስተው ሩብ ዲግሪ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ማሳሰብ የሚገባኝ ነገር አለ። መልቲፕሌክሰር፣ የቱንም ያህል ጥበቃ ቢኖረው፣ ሰውን ከ220 ቮልት አይጠብቅም። ከምጣድ ጋር የተገናኘ ሴንሰር ከላፕቶፕ ጋር የሚገናኝ ከሆነ፣ በመካከሉ ለዚሁ የተሠራ ማግለያ (ምልክቱን እያሳለፈ አደገኛውን ቮልቴጅ የሚለይ ዕቃ) መኖር አለበት፤ ምጣዱም የመሬት ሽቦ ሊኖረው ይገባል። እኛ 11ኛውን ሽቦ ያገኘነው ቁጥር ተዛብቶ እንጂ ሰው ተይዞ ባለመሆኑ ፈጣሪን አመሰግናለሁ።

የመብራት መጥፋትም በእኛ አገር ከመልቲፕሌክሰር ምርጫ ጋር የተያያዘ ነገር ነው። የቦርዱ ኃይል ከግድግዳ፣ የሴንሰሩ ኃይል ደግሞ ከባትሪ ከሆነ፣ መብራት ሲጠፋ የሴንሰሩ ምልክት በኃይል አልባው ቺፕ ዳዮድ በኩል ገብቶ የቦርዱን የኃይል መስመር በከፊል ያነሳዋል። ማይክሮኮንትሮለሩ (ቦርዱን የሚያዘው ትንሽ ኮምፒውተር) አልሞተም፣ አልኖረም፤ መብራት ሲመለስም ከዚያ ግማሽ ሁኔታ በትክክል ላይነሳ ይችላል። በውጭ አገር የተጻፉ የምርጫ መመሪያዎች ይህን ነጥብ በአንድ መስመር ያልፉታል፤ አዲስ አበባ ውስጥ ግን ኃይል በሌለበት ጊዜ ምልክቱን የሚያግድ ቺፕ መምረጥ፣ ወይም ሴንሰሩንና ቦርዱን ከአንድ ምንጭ መመገብ፣ በዝርዝራችሁ ከላይ እንዲቀመጥ እመክራለሁ።

የትኛው ቻናል እንደሚገናኝ የሚታዘዝባቸውን የመቆጣጠሪያ እግሮች ነገር በአጭሩ ላንሳ። ሲዲ4051ም ሆነ 74ኤችሲ4051 በ5 ቮልት ሲሠሩ፣ «አንድ» ብለው በዋስትና የሚቀበሉት ከ3.5 ቮልት ጀምሮ ነው፤ ዛሬ የምንጠቀምባቸው ማይክሮኮንትሮለሮች አብዛኞቹ ግን የሚያወጡት 3.3 ቮልት ነው። በጠረጴዛ ላይ ይሠራል፤ ሁሉም ቦርድ ላይ፣ ሁልጊዜ እንደሚሠራ ግን ማንም አልፈረመልንም። 74ኤችሲቲ4051 ወይም ለዝቅተኛ ቮልቴጅ የተሠራ ዘመናዊ ቺፕ ይህን ያስቀራል።

ቻናል ሲበዛ ደግሞ የሰባቱ ጉዳይ የብዙዎች ጉዳይ ይሆናል። 64 ቻናል ፈልገን 8 ቺፖችን መውጫቸውን በአንድ ላይ ብናስር፣ አንዱን ስናነብ 63 የተላቀቁ ማብሪያዎች በዚያው መስመር ላይ ተንጠልጥለዋል፤ የሚሾልከውም ካፓሲታንሱም ይደመራል። ከዚህ ይልቅ የ8ቱን ቺፖች መውጫ ወደ ዘጠነኛ ቺፕ ማስገባት ይሻላል፤ ያኔ መቀየሪያው የሚያየው የራሱን ቡድን ሰባትና የዘጠነኛውን ሰባት ብቻ ነው።

መልቲፕሌክሰር ጨርሶ ያስፈልገናል ወይ የሚለውም ጥያቄ መጠየቅ አለበት። ኤዲኤስ1115 የተባለው ባለ 16 ቢት መቀየሪያ በውስጡ ማጉያና ባለ 4 መግቢያ መልቲፕሌክሰር ይዟል፤ በአንድ የመገናኛ መስመር ላይ አራቱን ማኖር ስለሚቻል 16 ነጠላ ቻናል ወይም የሴንሰሩን ሁለቱንም ሽቦዎች የሚቀበል 8 ጥንድ ቻናል ያስገኛል። ቻናሎቻችሁ ከ8 ጥንድ የማይበልጡ ከሆነ፣ የተለየ መልቲፕሌክሰር ባትጨምሩ እመርጣለሁ። እኛ 16 ጥንድ ስለፈለግን መንገዱ አላዋጣንም።

ለሁለተኛው ቦርድ የመረጥነው ቲኤምዩኤክስ1109 የተባለውን፣ አራት ጥንድ ምልክቶችን የሚያፈራርቅ ቺፕ ሲሆን፣ አራቱን ተጠቀምን። የሁለቱንም የቴርሞካፕል ሽቦዎች አብሮ ስለሚቀይር፣ በሁለቱ መስመሮች ላይ እኩል የሾለከው ከረንት ይጣጣላል፤ እኩል እንደሚሾልክ ግን ዋስትና ስለሌለ፣ በመጀመሪያ ደረጃ ጥቂት ማሾለኩ አስፈላጊ ነበር። በተለመደው 3 ፒኮ አምፒር ነው፤ በ5 ቮልት ይሠራል፤ ከ1.8 ቮልት ጀምሮ ያለውን የመቆጣጠሪያ ምልክት ይቀበላል። ጉዳቱ እግሮቹ እጅግ የተቀራረቡ መሆናቸው ነው፤ በእጅ ለሚበይድ ሰው ትዕግሥትና ጥሩ ብርሃን ይጠይቃል። ከብየዳው በኋላ የሚተርፈውን ፍለክስ (ብየዳውን የሚያግዝ ቅባት) በአልኮል አጥቦ ማድረቅም ግዴታ ነው፤ በእግሮቹ መካከል የቀረ ፍለክስ በክረምት እርጥበት የሚያሾልከው ቺፑ ከሚያሾልከው ሊበልጥ ይችላል። እያንዳንዱን ቻናል ለ20 ሚሊ ሴኮንድ፣ ማለትም ለአንድ ሙሉ የ50 ኸርዝ ዙር እናነባለን፤ 16ቱ በ320 ሚሊ ሴኮንድ ያልቃሉ፤ ለሸክላ ይህ ከበቂ በላይ ነው።

በመጨረሻ ስለ ግዢ። ቺፕ ከውጭ በሚመጣ ሰው ሻንጣ፣ ወይም ከገበያ በትንሽ ከረጢት እንደሚደርሰን ሁላችንም እናውቃለን። በላዩ የተጻፈው ቁጥር ሁልጊዜ በውስጡ ያለው ላይሆን ስለሚችል፣ ከመበየዳችሁ በፊት ለኩት። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። አብዛኛው ዲጂታል ቴስተር በዲሲ ቮልት ላይ 10 ሜጋ ኦም የውስጥ ሬዚስታንስ አለው፤ የራሳችሁን መመሪያ አይታችሁ አረጋግጡ። ለቺፑ 5 ቮልት ስጡት፣ ሁሉም ማብሪያዎች እንዲላቀቁ የማገጃውን እግር አዝዙት፣ አንዱን ቻናል ከ5 ቮልት ጋር አያይዙ፣ ቴስተሩን በጋራው መውጫና በመሬት መካከል ግጠሙት። ቴስተሩ 10 ሚሊቮልት ካነበበ የሾለከው 1 ናኖ አምፒር ነው፤ 1 ሚሊቮልት ካነበበ 100 ፒኮ አምፒር ነው። ከዚያ የፀጉር ማድረቂያ አምጡና ቺፑን አሙቁት። ከአንድ ከረጢት ካወጣናቸው 10 ቺፖች መካከል ዘጠኙ ሲሞቁ ቁጥራቸው በዝግታ ሲጨምር፣ አንዱ ገና ከመሞቁ ቁጥሩ እየዘለለ ሄደ፤ ያንን ለብቻው አስቀመጥነው።

ያ አሥረኛው ቺፕ፣ አንድ ጤነኛ ሲዲ4051ና አንድ 74ኤችሲ4851 እዚህ ጠረጴዛ ላይ በመለማመጃ ቦርድ ላይ ተሰክተው ይገኛሉ። ቴስተሩም ማድረቂያውም ዝግጁ ናቸው። ጥያቄዎቻችሁን እየተቀበልኩ አብረን እንለካቸዋለን፤ ከኋላ የተቀመጣችሁ ወደ ፊት ቀረብ በሉ፣ ቁጥሩ ከሩቅ አይታይም።